«አክሮቲኒዮን»፦ በዕብራውያን 7፥4 የሚገኘውን የግሪክ ቃል ደረጃ በደረጃ ለመመርመር

በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 7 ቁጥር 4 ላይ አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ አሥራት ያወጣው ከምን እንደ ሆነ የሚናገር አንድ የግሪክ ቃል አለ። ቃሉ በመዝገበ ቃላት መልኩ «አክሮቲኒዮን» ይባላል፤ በአዲስ ኪዳን ውስጥ ከዚህ ቁጥር በቀር ሌላ ቦታ አይገኝም። አንዱ ተርጓሚ «ምርኮ» ይለዋል፣ ሌላው «ዘረፋ»፣ ሌላው ደግሞ «ከተማረከው ሁሉ የተሻለው»። አንባቢ ሁሉንም ጎን ለጎን ሲያይ የትኛው ትክክል እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ይህን ምዕራፍ እንዳቀርብ ተመድቤ ነበር። አንድ አጭር መዝገበ ቃላት ገልጬ «የክምር አናት» የሚል ፍቺ አገኘሁና፣ አብርሃም ምርኮውን አበጥሮ ከምርጡ ብቻ አሥራት እንዳወጣ በሙሉ ልብ አስተማርሁ። ስጨርስ አንዲት እናት ከኋላ መቀመጫ ብድግ ብለው «ልጄ፣ ዘፍጥረት ላይ ‹ከሁሉ› አይደለም እንዴ የሚለው? ታዲያ የትኛውን እንያዝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ያንን ጥያቄ ለመመለስ የሄድሁበት መንገድ ነው፤ ግሪክኛ ያልተማረ ሰው እንኳ በትዕግሥት ከሄደበት ሊደርስበት የሚችል መንገድ ነው።

ለሥራው ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ትርጉሞች፣ ግሪኩን ከነትርጉሙ መሥመር ለመሥመር የሚያሳይ አንድ እትም፣ ሰፋ ያለ የግሪክ መዝገበ ቃላትና ማስታወሻ ደብተር ያስፈልጋሉ። መሥመር ለመሥመር የሚያሳዩት እትሞችና መዝገበ ቃላቱ ዛሬ በስልክም ይገኛሉ።

አንደኛ፦ ከቃሉ በፊት ታሪኩን ያንብቡ

መዝገበ ቃላቱን አሁን አይክፈቱ። አስቀድመው ዘፍጥረት ምዕራፍ 14ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከዚያም ዕብራውያን 7፥1–10ን ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። የኤላም ንጉሥና ሦስት ተባባሪዎቹ አምስቱን የሸለቆ ነገሥታት ድል ነሥተው፣ የሰዶምንና የገሞራን ሀብትና ስንቅ ሁሉ ወስደው፣ ሎጥንም ማርከው ይሄዳሉ። አብራም በቤቱ የተወለዱ 318 ሰዎች አሰልፎ እስከ ዳን ይከታተላቸዋል፤ በሌሊት መትቶም ከደማስቆ በስተ ሰሜን እስካለው ስፍራ ያሳድዳቸዋል፤ ሀብቱን ሁሉ፣ ሎጥንና ሴቶቹን፣ ሕዝቡንም ይመልሳል። በመመለሻው መንገድ ላይ የሳሌም ንጉሥና የልዑል እግዚአብሔር ካህን የሆነው መልከ ጼዴቅ እንጀራና የወይን ጠጅ አውጥቶ ይባርከዋል፤ አብራምም አሥራት ይሰጠዋል።

በዚህ ንባብ ላይ ሳሉ ሦስት ነገሮችን ደብተርዎ ላይ ያስፍሩ። የመጀመሪያው የክስተቶቹ ቅደም ተከተል ነው፦ አሥራቱ በቁጥር 20 ይሰጣል፤ የሰዶም ንጉሥ «ሰዎቹን ስጠኝ፣ ንብረቱን ውሰድ» የሚለውና አብራም ለራሱ ከፈትል እስከ ጫማ ማሰሪያ እንኳ እንደማይወስድ፣ ነገር ግን አብረውት የዘመቱት ወዳጆቹ ድርሻቸውን እንደሚወስዱ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል አሁን ቀላል ነገር ቢመስልም ይያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ሁለተኛው፣ በዕብራይስጡ «ከሁሉም አሥራት ሰጠው» ሲባል የሰጪው ስም በግልጽ አልተጻፈም፤ ሰጪው አብርሃም እንደ ሆነ ስሙን ጠርቶ የሚናገረው የዕብራውያን ጸሐፊ ነው። ሦስተኛው፣ መልከ ጼዴቅ በብሉይ ኪዳን የሚጠራው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ ይህ ታሪክ ሲሆን ሌላው በእኛ የመዝሙረ ዳዊት ቁጥር 109 (በዕብራይስጡ 110) የሚባለው መዝሙር ነው። የዕብራውያን ጸሐፊ እጅግ ጥቂት ቃላትን በእጁ ይዞ ትልቅ ክርክር እየገነባ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ቃል በጥንቃቄ እንደሚመርጥ ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

ሁለተኛ፦ በቁጥሩ ውስጥ ያለውን የቃሉን መልክ ይለዩ

መሥመር ለመሥመር በሚያሳየው እትም ላይ ዕብራውያን 7፥4ን ሲያገኙ፣ ቃሉ እንደ መዝገበ ቃላቱ ነጠላ ሆኖ አይደለም የሚታየው። «ኤክ ቶን አክሮቲኒዮን» ተብሎ፣ «ከ» የሚል ትርጉም ካለው መስተዋድድ ጋር በብዙ ቁጥርና በአገናዛቢ መልክ ነው የተጻፈው። እዚህ ላይ በፊደላችን ለሚያነብ ሰው አንድ መሰናክል አለ፦ ነጠላው ቃልና በቁጥሩ ውስጥ ያለው የብዙ ቁጥር መልክ በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ፈጽሞ አንድ ይሆናሉ። በግሪኩ ግን ነጠላው በአጭሩ «ኦ» (ኦሚክሮን)፣ ሌላው ደግሞ በረጅሙ «ኦ» (ኦሜጋ) ይጻፋል፤ የድምፅ ምልክቱም በነጠላው ላይ «ቲ» ላይ፣ በቁጥሩ ውስጥ ባለው ላይ ግን «ኒ» ላይ ያርፋል። ስለዚህ የግሪኩን ፊደል በዓይን አይቶ መለየት ይገባል፤ በእኛ ፊደል የተገለበጠውን ብቻ ይዞ መሄድ ያሳስታል።

ቃላትን በቁጥር የሚዘረዝረውን የስትሮንግን መዝገብ የሚጠቀሙ ከሆነ ይህ ቃል 205ኛው ነው። በአዲስ ኪዳን የሚገኝበትን ቦታ ሲፈልጉ ይህችን አንዲት ቁጥር ብቻ ያያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ቃል ለመርማሪ ከባድ ነው፤ ጳውሎስ በሌላ መልእክት፣ ሉቃስም በወንጌሉ እንዴት እንደ ተጠቀመበት አይቶ ማመሳከር አይቻልም። ስለዚህ ምስክር የምንፈልገው ከቃሉ አካላትና ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ካሉ የግሪክ ጽሑፎች ነው።

ሦስተኛ፦ ቃሉን ይክፈሉት፣ ነገር ግን እዚያው አይቁሙ

«አክሮቲኒዮን» ከሁለት ቃላት የተገነባ ነው። የመጀመሪያው «አክሮስ» ሲሆን ከፍተኛ፣ አናት፣ ጫፍ ማለት ነው። ይህን ክፍል ሳናውቀው ብዙ ጊዜ እንጠራዋለን፤ በአቴና ከተማ አናት ላይ ያለው «አክሮፖሊስ» የከፍታዋ ከተማ ማለት ነው፤ «አክሮባት» የምንለውም በእግሩ ጣት ጫፍ የሚሄድ ከሚል የመጣ ነው። በአዲስ ኪዳንም የዚሁ ቃል ዘመድ አለ፦ ባለጠጋው አልዓዛር የጣቱን ጫፍ በውኃ ነክሮ ምላሱን እንዲያበርድለት ሲለምን (ሉቃስ 16፥24)፣ ያዕቆብም በበትሩ ጫፍ ላይ ሲሰግድ (ዕብራውያን 11፥21) የተጻፈው «አክሮን» ነው።

ሁለተኛው ክፍል «ቲስ» ነው፤ በአገናዛቢ መልኩ «ቲኖስ» ይሆናል። የተከመረ ነገር፣ ቁልል፣ የባሕር ዳር የአሸዋ ክምር ማለት ነው። ይህ ቃል በአዲስ ኪዳን ባይገኝም የሰባው ሊቃናት ትርጉም (ጥንታዊው የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም) ይጠቀምበታል፤ በዘፍጥረት 49፥26 የያዕቆብ በረከት ውስጥና በኢዮብ 15፥7 ለኮረብቶች የገባው እርሱ ነው። ኮረብታ በግሪኩ ዓይን የምድር ክምር ሆኖ ታየ ማለት ነው።

ሁለቱ ሲጋጠሙ «የክምሩ አናት» ይሰጣሉ። ለዚህ ሥዕል እኛ ሩቅ አይደለንም። በልጅነቴ ዘመዶቼ ጋ ስንዴ ሲወቃ ያየሁት አውድማ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፦ በሬዎቹ ከሄዱበት በኋላ ገለባው በመንሽ ይነሣል፤ ከዚያ ነፋስ ሲመጣ ፍሬው በላይዳ እየተዛቀ ወደ ላይ ይበተናል፤ እብቁ በነፋስ ይሄዳል፣ ግርዱ ወደ ዳር ይወድቃል፣ ከባዱ ፍሬ ግን ወደ ቦታው ተመልሶ እየተቆለለ ይሄዳል። በመጨረሻ ቁልሉ ሲሰፈር አናቱ ጥርት ያለ ፍሬ ነው፤ ከሥሩ የሚዛቀው ግን ከአውድማው አፈርና ጠጠር ስለሚቀላቀለው እንደ ገና ይበጠራል። የግሪኩም ቃል በመነሻው ከእህል ክምር አናት ላይ ለአምላክ የሚነሣውን መሥዋዕት ያመለክት እንደ ነበር መዝገበ ቃላቱ ይገልጻሉ።

እኔ የቆምሁት እዚህ ነበር፤ ስሕተቴም ይኸው ነው። የአንድ ቃል አካላት ቃሉ ከየት እንደ መጣ ይነግሩናል፤ ወዴት እንደ ሄደ ግን አይነግሩንም። «ደጃዝማች» የሚለውን ማዕረግ ይመልከቱ፤ «ደጅ» እና «አዝማች» ሆኖ በግልጽ ይከፈላል። ነገር ግን የአንድን ደጃዝማች ታሪክ የሚያነብ ሰው «ይህ ሰው በደጅ ቆሞ ነበር» ብሎ ቢተረጉም ታሪኩን አላነበበውም፤ ቃሉ ከፍ ያለ የሹመት ስም ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖሯል። «ባልደረባ»ም በቀድሞው ቤተ መንግሥት ጉዳይ ያለውን ሰው ከንጉሡ የሚያገናኝ ሹም ነበር፤ ዛሬ አብሮን የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ «የክምሩ አናት» የሚለውን በደብተርዎ ላይ ይጻፉት፣ ከጎኑም «መነሻ» ብለው ምልክት ያድርጉበት፤ «ትርጉም» ብለው ግን አይጻፉ።

አራተኛ፦ ግሪኮቹ ራሳቸው እንዴት እንደ ተናገሩበት ይመልከቱ

ሰፊው መዝገበ ቃላት የሚያስፈልገው ለዚህ ደረጃ ነው። በቃሉ ሥር የተዘረዘሩትን የጸሐፊዎች ስሞች እየተከተሉ፣ የሚቻል ከሆነ የየጽሑፉን ትርጉም አውጥተው ያንብቡ። ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ከሁሉም በላይ የሚያበራውም እርሱ ነው።

በጣም ግልጽ የሆነው ምስክር የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ግሪኮች የፋርስን የባሕር ኃይል በሳላሚስ ድል ካደረጉ በኋላ ያደረጉትን በስምንተኛው መጽሐፉ ይተርካል። ከሁሉ አስቀድመው ለአማልክት «አክሮቲኒያ» (የቃላችን የብዙ ቁጥር መልክ ነው) መረጡ፤ ከእነዚህም መካከል ባለ ሦስት ረድፍ መቅዘፊያ የሆኑ ሦስት የፊንቄ የጦር መርከቦች ነበሩ፤ አንዱ በኢስትሞስ፣ አንዱ በሱንዮን፣ አንዱም እዚያው በሳላሚስ እንዲቆም ተለየ። ከዚህ በኋላ ነው ምርኮውን የተከፋፈሉት። ታላቅ የአምልኮ ስፍራ ወደ ነበረችው ወደ ዴልፊም ሌላ «አክሮቲኒያ» ላኩ፤ በእርሱም የመርከብ አፍንጫ በእጁ የያዘ፣ ቁመቱ 12 ክንድ የሆነ ሐውልት ተሠራ።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ይመልከቱ። የተመረጠው ነገር መርከብ ነው፤ ክምር የለም፣ አናትም የለም። ቃሉ ከአውድማ ወጥቶ ወደ ጦር ሜዳና ወደ ባሕር ሄዷል፤ የያዘው ነገር ቢለወጥም ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም፤ ሰው የራሱን ድርሻ ከመውሰዱ በፊት የአምላክ ድርሻ ተመርጦ ይወጣል።

ዜኖፎን ስለ ቂሮስ በጻፈው መጽሐፍ ያንኑ ቅደም ተከተል እናገኘዋለን። ባቢሎን ከተያዘች በኋላ ቂሮስ ሰብአ ሰገልን (የፋርስን ካህናት) ጠርቶ፣ ከተማዪቱ በጦር የተያዘች ስለ ሆነች ለአማልክት «አክሮቲኒያ» እንዲመርጡ ያዝዛቸዋል፤ ለሹማምንቱና ለባለውለታዎቹ ቤት የሚያከፋፍለው ከዚያ በኋላ ነው። ቱኪዲደስ ደግሞ ግሪኮች ከፋርሶች ምርኮ በዴልፊ ያቆሙትን ባለ ሦስት እግር ሐውልት በዚሁ ቃል ይጠራዋል። የስፓርታው የጦር አዛዥ ጳውሳንያስ ድሉን የራሱ የሚያስመስል ግጥም አስቀርጾበት ነበር፤ ስፓርታውያን ያንን ፍቀው በምትኩ አብረው የተዋጉትን ከተሞች ስም ጻፉበት። ሐውልቱን ይሸከም የነበረው፣ ሦስት እባቦች የተጠማዘዙበት የናስ ዓምድ ከ479ኙ የፕላታያ ድል በኋላ የተሠራ ሲሆን፣ የ31 ከተሞችን ስም ይዞ ዛሬም በኢስታንቡል በጥንቱ የፈረስ ግልቢያ አደባባይ ራሶቹ ተቆርጠው ቆሟል። አንድ ሰው «አክሮቲኒዮን» ምን እንደሚመስል በዓይኔ ልየው ቢል የሚሄድበት ቦታ ይህ ነው።

ቃሉ ሁልጊዜ ዕቃን ብቻ የሚያመለክት አይደለም። ሄሮዶቱስ በመጀመሪያው መጽሐፉ ቂሮስ የልድያን ንጉሥ ክሮይሶስን ከ14 የልድያ ልጆች ጋር በእንጨት ክምር ላይ ሲያወጣ፣ ምናልባት ለአንድ አምላክ «አክሮቲኒያ» አድርጎ ሊያቀርባቸው አስቦ እንደ ነበር ይናገራል። ባለቅኔው ፒንዳር ደግሞ ሄራክልስ የኦሎምፒያን ውድድር የመሠረተው ከጦርነት «አክሮቲና» (የዚሁ ቃል ሌላ መልክ) እንደ ሆነ ይዘምራል፤ እዚህ ላይ የቀረበው መሥዋዕት በዓል ነው።

ከእነዚህ ምስክሮች ሁለት መሥመሮችን ይውሰዱ። አንደኛው፣ ቃሉ በተለመደው አጠቃቀሙ ከድል ምርኮ ለአምላክ የተለየውን ድርሻ ያመለክታል፤ ሁለተኛው፣ ይህ ድርሻ ሰዎች ከመከፋፈላቸው በፊት የሚወጣ ነው። እያደር ደግሞ ቃሉ ሰፍቶ ምርኮውን ራሱን ለመጥራት ውሏል፤ ዮሐንስ አፈወርቅ በዕብራውያን ላይ በሰጠው ስብከት «አክሮቲኒያ» የሚባለው ምርኮው እንደ ሆነ ለሰሚዎቹ ሲያስረዳ እናገኘዋለን። ግሪክኛ አፉን ለፈታ ሕዝብ እንኳ ቃሉን ማብራራት ማስፈለጉ፣ የተለመደ የገበያ ቃል እንዳልነበረ ያሳያል።

አምስተኛ፦ ከጎረቤቶቹ ጋር ያነጻጽሩት

አንድ ቃል ወሰኑ የሚታየው ጸሐፊው ሊጠቀምባቸው ሲችል ከተዋቸው ቃላት ጋር ሲቆም ነው። ተራ ምርኮን ለመጥራት «ስኪላ» የሚል ቃል ነበረ፤ ሉቃስ 11፥22 ላይ ብርቱው ሰው ሲሸነፍ የሚከፋፈለው ምርኮ በዚህ ቃል ተጠርቷል። የዕብራውያን ጸሐፊ ይህን አልወሰደም።

«አፓርኬ» የሚለውም ነበረ፤ እኛ «በኵራት» የምንለው ነው። ክርስቶስ ላንቀላፉት በኵራት የተባለበት 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥20 ይህን ቃል ይዟል፤ የሰባው ሊቃናት ትርጉምም በዘኍልቍ 18፥12 ዕብራይስጡ የዘይትና የወይን «ስብ» ብሎ ምርጡን ሲጠራ በዚሁ «አፓርኬ» ተርጉሞታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ እንዲህ ይታየኛል፦ «አፓርኬ» የሚናገረው ስለ መጀመሪያነት ነው፣ ቀድሞ የደረሰውን፣ ቀድሞ የተወለደውን፤ «አክሮቲኒዮን» ግን የሚናገረው ስለ ከፍታ ነው። በኵራት ቀድሞ ስለመጣ ይሰጣል፤ አክሮቲኒዮን ከላይ ስለ ሆነ ይመረጣል። በቤተ ክርስቲያናችን «አሥራት በኵራት» የሚለውን አንድ ላይ ማለት ስለ ለመድን ይህን ቃል ከበኵራት ጋር ማደባለቅ ቀላል ነው፤ ለዚህ ቁጥር ግን አይስማማም፤ አብርሃም ያመጣው አዲስ አዝመራ አልነበረም።

«ዴካቴ» ማለትም አሥራት የሚለውን ስም ደግሞ በአዲስ ኪዳን የሚያገኙት አራት ጊዜ ነው፤ አራቱም በዚሁ በዕብራውያን ምዕራፍ 7 ውስጥ ናቸው (ቁጥር 2፣ 4፣ 8 እና 9)። ይህን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል፤ የቁጥር 2ና የቁጥር 4 ግንኙነት የሚቀጥለው ደረጃ ዋና ጉዳይ ነውና።

ስድስተኛ፦ ቃሉን ወደ ዓረፍተ ነገሩ ይመልሱ

አሁን ወደ እኚያ እናት ጥያቄ እንመለስ። ዘፍጥረት «ከሁሉ» ይላል፤ የዕብራውያን ጸሐፊም ራሱ በቁጥር 2 «ከሁሉ» ብሎ ከሁለት ቁጥር በኋላ «ከአክሮቲኒያው» ይላል። ጸሐፊው የተናገረውን በሁለት መሥመር ውስጥ ረስቶ ራሱን ተቃረነ ማለት አይቻልም።

መፍትሔ ሆነው የሚቀርቡት አነባበቦች ሦስት ናቸው። አንዱ፣ ቃሉ ሰፍቶ «ምርኮ» ብቻ ማለት ሆኗል፤ ስለዚህ «ከሁሉ» እና «ከምርኮው» አንድ ናቸው የሚል ነው፤ ብዙ ትርጉሞች የተከተሉት ይህን ነው፣ ቀላልም ነው። ሁለተኛው፣ አብርሃም ምርጡን ለይቶ ከምርጡ ብቻ አንድ አሥረኛ ሰጠ የሚል ነው፤ ይህ እኔ ያስተማርሁት ሲሆን ከ«ከሁሉ» ጋር ይጋጫል፤ ደግሞም የስጦታውን መጠን ያሳንሰዋል እንጂ አያገንነውም። ሦስተኛው፣ ከሁሉ የወጣው አሥራት ራሱ የተመረጠው ድርሻ ነበር የሚል ነው፤ መጠኑ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ፣ ዓይነቱ ግን ከአናት የተነሣ።

እኔ ሦስተኛውን እይዛለሁ፤ ምክንያቴም ሁለት ነው። በቁጥር 2 ላይ ያለው የግሪክ ግሥ «ኤሜሪሴን» ሲሆን ከፍሎ መስጠትን፣ ማካፈልን ያመለክታል፤ በቁጥር 4 ያለው ግን ተራው «ሰጠ» ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ የክፍፍሉን ሥራ ተናገረ፣ ቀጥሎ የተከፈለውን ነገር ማዕረግ ተናገረ። ሌላው ምክንያቴ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያስቀመጥነው ቅደም ተከተል ነው። በዘፍጥረት 14 አሥራቱ ቀድሞ ይወጣል፤ ስለ ዘማቾቹ ድርሻ የሚነገረው ቀጥሎ ነው። ይህ ግሪኮች በሳላሚስ፣ ቂሮስም በባቢሎን ካደረጉት ጋር አንድ ዓይነት ነው፦ መጀመሪያ የአምላክ፣ ቀጥሎ የሰው። ግሪክኛ የሚያነብ የመጀመሪያው ዘመን ሰው «አክሮቲኒያ» የሚለውን ሲሰማ በአእምሮው የሚመጣው ይህ ሥርዓት ነው፤ መልከ ጼዴቅም ሰዎች ለቤተ መቅደስ የሚለዩትን ድርሻ የሚቀበል ሆኖ ይታየዋል።

ዮሐንስ አፈወርቅ በዚሁ ስብከቱ ላይ ያነሣው ነጥብ ይህን ያጠናክረዋል። መልከ ጼዴቅ በጦርነቱ አልነበረም፤ አብርሃም ነገሥታቱን መትቶ ሲመለስ ነው የተቀበለው፤ ስለዚህ የተሰጠው የዘማች ድርሻ ሊሆን አይችልም። ቤቱ የነበረ ሰው የሌላውን የድካም ምርጥ ፍሬ ተቀበለ፤ ይህ ለካህን ካልሆነ ለማን ይሰጣል?

ከዚያ በኋላ የዓረፍተ ነገሩን ጫፎች ይመልከቱ። «ምን ያህል ታላቅ» የሚለው «ፔሊኮስ» መጀመሪያ አካባቢ ተቀምጧል፤ በአዲስ ኪዳን ከዚህ ሌላ የሚገኘው ጳውሎስ በትልልቅ ፊደላት እንደ ጻፈ በሚናገርበት በገላትያ 6፥11 ብቻ ነው። «ሆ ፓትሪያርኬስ»፣ የአባቶች አለቃው፣ ደግሞ ከአብርሃም ስም ተለይቶ በመጨረሻ ላይ ብቻውን ቆሟል። ብርቅ ቃል በመካከል፣ ብርቅ ቃል በመጀመሪያ፣ ማዕረግ በመጨረሻ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ የደረደረው ስለ መልከ ጼዴቅ ታላቅነት እንጂ ስለ ምርኮው ጥራት ሊያስተምረን አይደለም። ስለዚህ ይህን ቃል ይዞ አንድ ምእመን ከደመወዙ ስንት በመቶ፣ ከየትኛውም ክፍል ማውጣት እንዳለበት ሕግ መሥራት ቁጥሩን ከያዘው ሥራ አውጥቶ ሌላ ሥራ መጫን ነው። ስለ መስጠት የሚናገሩ ሌሎች ክፍሎች አሉ፤ ያንን ትምህርት ከእነርሱ መውሰድ ይሻላል።

ሰባተኛ፦ የአማርኛ ቃል ይምረጡ

የመጨረሻው ሥራ በራስዎ ቋንቋ መጻፍ ነው፤ ይህን ካላደረጉ ምርመራው በደብተር ላይ ይቀራል። የ1954 ዓ.ም. ትርጉም «ከዘረፋው የሚሻለውን አሥራት» ይላል። የላቲኑ ትርጉም «ከዋና ዋናዎቹ» እንዳለ ሁሉ፣ የእኛም ተርጓሚዎች «የሚሻለው» ብለው የአናቱን ነገር አልጣሉትም፤ ከብዙ የውጭ ትርጉሞች ይልቅ ወደ ግሪኩ ቀርበዋል ብዬ አምናለሁ። በተጨማሪም «የሚሻለውን አሥራት» ሲሉ የተሻለው አሥራቱ ራሱ እንደ ሆነ ያስነብባል።

የሚያስቸግረው «ዘረፋ» ነው። ቃሉ ዛሬ በጆሯችን ውስጥ የወንበዴ ሥራ ነው፤ አብርሃም ግን የተዘረፈውን ያስመለሰ ሰው ነው። «ብዝበዛ» የሚለው ቃልም በኢሳይያስ 8 «ምርኮ ፈጠነ፣ ብዝበዛ ቸኰለ» ሲባል የጦር ሜዳ ንብረት ነበር፤ አሁን የሠራተኛ ጉልበት ሲበላ የምንናገርበት ሆኗል። ከሁሉ የሚሻለው «ምርኮ» ነው፤ ሰውንም ዕቃንም ይይዛል፣ የድልንም መዓዛ አላጣም።

«አናት»ን እንዳለ ማስገባትስ? ሞክሬዋለሁ፤ «ከምርኮው አናት» ለጆሮ እንግዳ ነው፤ «ከላይ ከላዩ» ቢባል ደግሞ ጥልቀት የሌለውን ነገር የምንነቅፍበት አነጋገር ስለ ሆነ ትርጉሙን ይገለብጠዋል። «ምርጥ» የሚለው ሥዕሉን ቢተወውም ሐሳቡን ይይዛል።

እኔ በደብተሬ ላይ የጻፍሁት እንዲህ ይላል፤ የግሪኩን ቅደም ተከተል ለመጠበቅ ማዕረጉን መጨረሻ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በሚቀጥለው የጥናት ቀን እኚያን እናት ፈልጌ ያነበብሁላቸውም ይህንኑ ነበር፦ «እስኪ ይህ ሰው ምን ያህል ታላቅ እንደ ነበረ ተመልከቱ፤ ከምርኮው ሁሉ ምርጥ የሆነውን አሥራት የሰጠው አብርሃም ነው፤ ያውም የአባቶች አለቃ።»